ወደ ዶክትሬት ምርምር የሚያደርስ መንገድ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ የኤሌክትሮኒክስና የባዮኢንጂነሪንግ ተማሪዎች

አንባቢ ሆይ፣ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ወይም በባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪዎን ፈጽመው፣ ቤትዎ በሰበታ ወይም በቡራዩ ወይም በሱሉልታ፣ ሥራዎም ምናልባት በአንድ ሆስፒታል የጥገና ክፍል ወይም በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ፣ ወደ ዶክትሬት ማዕርግ የሚያደርሰውን ምርምር ለመጀመር አስበው እንደ ሆነ፣ ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእርስዎ ነው። በዚህ ጉዳይ ምክር የሚጠየቅ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የስኮላርሺፑን መጠንና የማመልከቻውን ቀን ነው፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ የሚመረጠው፣ አማካሪ የሚፈለገው፣ ገንዘብም የሚጠየቀው ጥያቄው ከተገኘ በኋላ ነው፤ ጥያቄ ሳይዝ የሚሄድ ሰው ቢቀበሉት እንኳ የሚሰማራው በሌላ ሰው ጥያቄ ላይ ስለ ሆነ፣ ብዙ ዓመት ደክሞ የሚያመጣው መልስ ለአገሩ ሆስፒታል የማይበጅ፣ ለራሱም የማይጥመው ሆኖ ሊቀር ይችላል።

አንደኛ፤ ጥያቄን በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ስለ መሻት

ሦስቱ ከተሞች፣ በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው ከተማ ውስጥ ከመጠቃለላቸው በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታሰቡት አዲስ አበባ ሲሠራ የዋለ ሰው ሊያድርባቸው የሚገባ ሠፈሮች ተደርገው ነው፤ ነገር ግን በተመራማሪ ዓይን ለሚመለከታቸው ሰው፣ ከዋናው ከተማ ጋር የሚያገናኟቸው የጎጃም፣ የጅማና የአምቦ መንገዶች እያንዳንዳቸው ለዶክትሬት የሚበቃ ጥያቄ ይዘው ይጠብቁታል።

ከሱሉልታ ልጀምር። የሱሉልታ ስም ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ሲነሣ ለብዙው ሰው በሐሳቡ የሚመጣለት የሳተላይት ጣቢያው ትልልቅ አንቴና ነው፤ እኔ ግን ተማሪውን ከዚያ ይልቅ በሕመምተኛ ጣት ላይ ወደምትቆነጠጠው ትንሽ መሣሪያ፣ ወደ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ እመራዋለሁ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሯጮቻችን ንጋት ላይ በሜዳዋ የሚሮጡትም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦችዋ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ በስሜን ተራሮች አምባራስ በተባለው ቦታ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደም በአማካይ 95.3 ከመቶ ኦክስጅን ተሸክሞ መገኘቱ፣ የሄሞግሎቢናቸውም መጠን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ያልራቀ መሆኑ፣ ከአንዲስና ከቲቤት ደገኞች የተለየ የሰውነት ሥርዐት እንዳላቸው አመልክቶ ነበር። እንግዲህ ለደገኛው የሚጠበቀው ቁጥር ስንት መሆን እንዳለበት ገና ብዙ የሚያነጋግር ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ላይ ሌላ ችግር ተጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 ከመቶ እያሳየ ሳለ ከደም ወሳጅ ሥራቸው የተቀዳው ደም ሲመረመር ግን ከ88 ከመቶ በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ ሕሙማን በ3.6 ከመቶው፣ ከጥቁሮቹ ግን በ11.7 ከመቶው መሆኑን ገለጠ። ምክንያቱም ከመሣሪያው አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው፤ ኦክሲሜትር በቆዳ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን የሚለካ እንደ መሆኑ የቆዳው ቀለም ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያም ለሙከራ ከሚቀርቡት ሰዎች ቆዳቸው የጠቆረው ቢያንስ 2 ሰዎች ወይም 15 ከመቶው እንዲሆኑ ከመጠየቅ አላለፈም ነበር። ቆዳው የጠቆረ፣ ከፍታውም 2,700 ሜትር የሆነ ሰው በሱሉልታ ጤና ጣቢያ ጣቱን ሲሰጥ፣ ነርሷ የምታነበው 90 የሚል ቁጥር ኦክስጅን ስጡት ማለት ነውን ወይስ ወደ ቤቱ ስደዱት? ይህን የመሰለ ጥያቄ በቶኪዮና በቦስተን የተቀመጠ ተመራማሪ አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቶ የሚፈልገው ሲሆን፣ ለእርስዎ ግን ከደጅዎ ነው።

የጅማው መንገድ ወደ ሰበታ ሲወስድዎ፣ በዘነበወርቅ በኩል የሚያልፉት አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመ ሆስፒታል ነው፤ ከአጠገቡ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም በ1970 የተመሠረተ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 ከለየው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ሲጎዳ የሰው እግር ሕመም መስማቱን ይተዋል፤ ሕመም የማይሰማው እግር ጠጠር ላይም እሳት ላይም ይቆማልና፣ ቁስሉ የሚጀምረው ማንም ሳያውቀው ነው። በጫማ ውስጥ ተነጥፎ ግፊትን እየለካ ከመጠን ሲያልፍ ለባለቤቱ የሚያስታውቅ፣ ዝናብንና ጭቃን የሚችል፣ ባትሪው በየቀኑ መሞላት የማያስፈልገው ንጣፍ መሥራት፣ ከሴንሰር ጥናትም ከሰው አካል ጥናትም ወገን የሆነ ሙሉ የዶክትሬት ሥራ ነው፤ በስኳር ሕመም እግራቸው ለደነዘዘውም ይተርፋል። ሰበታ ሲገቡ ደግሞ የመርሐ ዕውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ መሰናክል ሲያጋጥመው የሚጮኽ የአልትራሳውንድ በትር ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራዎች ሁሉ የተዘወተረው ሳይሆን አይቀርምና፣ እርስዎ ይህን መልሰው ከመሥራትዎ በፊት ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ፈቃድ አግኝተው ተማሪዎቹን ራሳቸውን ይጠይቁ፤ የሚቸገሩበት ነገር ምናልባት መንገዱ ሳይሆን የሒሳብ መጽሐፉ ሥዕል ወይም የተበላሸው የብሬይል መጻፊያ መኪና ሊሆን ይችላል። በዚያው በሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ሊዘነጋ አይገባም፤ የእንስሳትን በሽታ በመስክ ላይ ቶሎ የሚለይ ባዮሴንሰር የሰውን ደም ከመንካት ይልቅ በፈቃድ በኩል ቀለል ብሎ፣ በሳይንሱ ግን ያልቀለለ መንገድ ነው።

የቡራዩው ሰው በአስኮ አልፎ ወደ ከተማ ሲገባ የሚያገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገበት ነው። ንቅለ ተከላ እስኪደርሰው ድረስ ሕመምተኛው የሚኖረው በዲያሊስስ ነው፤ በአራት ሰዓት አንድ ዲያሊስስ ወደ 120 ሊትር የተጣራ ውኃ ከደሙ ጋር በስስ ሽፋን ብቻ ተለይቶ ያልፋልና፣ ውኃው የክሎሪን ርዝራዥ ቢኖርበት ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። የገፈርሳ ግድብ ውኃ በደጁ የሚያልፍ የቡራዩ ነዋሪ፣ የውኃውን ጥራት ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት የሚለካ፣ የሚያስጠነቅቅና በአገር ውስጥ የሚጠገን መሣሪያ ስለ መሥራት ቢያስብ፣ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም።

ሁለተኛ፤ በጥገና ክፍል ስለ መሰንበት

ጥያቄው በሐሳብ ደረጃ ከተገኘ በኋላ ወደ መጻሕፍት ከመሄድ በፊት፣ በፈቃድ ወደ አንድ ሆስፒታል የባዮሜዲካል ጥገና ክፍል ገብተው ጥቂት ወራት ቢሰነብቱ ብዙ ይጠቀማሉ። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 አገሮች ከሰበሰቧቸው የመሣሪያ መዝገቦች፣ በታዳጊ አገሮች ካለው የሕክምና መሣሪያ ከመቶ 38 ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ አግኝተውታል፤ ምክንያት ያደረጓቸውም የሥልጠና ማነስ፣ የአስተዳደር ጉድለትና የመሠረተ ልማት አለመሟላት ናቸው። ይህ ማለት አዲስ መሣሪያ መፈልሰፍ ብቻውን ምርምር አይደለም ማለት ነው፤ ያለው ለምን እንደሚሞት ማወቅም ምርምር ነው፣ እንዲያውም በእኔ አስተያየት የሚቀድመው እርሱ ነው።

ደብተር ይያዙ፤ በገጹ ላይ መሣሪያው የቆመበትን ቀን፣ የተበላሸውን ክፍል፣ ብልሽቱን መጀመሪያ ያየውን ሰው፣ መለዋወጫው እስኪገኝ የቆየበትን ጊዜና የተደረገለትን ነገር በየዓምዱ ይጻፉ። ለምሳሌ ለጥገና የመጣ አንድ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ጀርባው ሲከፈት፣ ከሁሉ በፊት የሚታየው በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቆ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ አቧራ ነው፤ ማጣሪያው ታጥቦ ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ ድምፁ ይለወጣል፣ ከመውጫው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሲገጠም ግን ቁጥሩ ከ82 ከመቶ፣ ይኸውም የዓለም የጤና ድርጅት ዝቅተኛ ብሎ ካስቀመጠው፣ በታች ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ናይትሮጅንን የሚይዘው ዚዮላይት የተባለው ማዕድን እርጥበት ጠጥቶ እንደ ሆነ ይጠረጥራሉ፤ ቀጥለውም በመሣሪያው ላይ የተለጠፈውን መግለጫ አንብበው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንዲሠራ እንደ ተፈቀደ ያያሉ፣ አንዳንዱም ለሱሉልታ የማይበቃ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያህል ዝርዝር ያለበት ደብተር ይዞ ወደ ፕሮፌሰር የሚቀርብ አመልካችና፣ "በጤና ቴክኖሎጂ ላይ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ" የሚል ደብዳቤ ብቻ የያዘ አመልካች እኩል አይታዩም።

ሦስተኛ፤ ጥያቄውን ስለ ማጥበብ

ጥያቄ ሰፊ ሲሆን ያምራል፣ ሲጠብብ ግን ይመለሳል። "ኦክሲሜትር በኢትዮጵያ ደጋ" የሚለው ርእስ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም፤ "በ2,700 ሜትር አካባቢ በሚኖሩ ጎልማሶች ላይ ሁለት ዓይነት ኦክሲሜትሮች ከደም ወሳጅ ሥር ደም ምርመራ ጋር ሲነጻጸሩ የሚያሳዩት ስሕተት ስንት ነው፣ በቆዳ ቀለም መጠንስ እንዴት ይለዋወጣል?" የሚለው ግን በአንድ የዶክትሬት ዘመን ሊፈጸም የሚችል ነው። ልብ ይበሉ፣ ጎልማሶች ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ ከጨቅላ ሕፃን ደም ወሳጅ ሥር ለምርምር ብቻ ደም መቅዳት ለሕፃኑ ሕመም፣ ለእናቱም ሥቃይ፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴውም እምቢ ለማለት የበቃ ምክንያት ነውና፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሕክምናቸው ሲባል ደማቸው ከሚመረመር ጎልማሶች ጋር መጀመር ይሻላል።

የተናቀ የሚመስለው ነገር ራሱ መልሱ የሆነበት ጊዜም አለ። ኦክሲሜትሩን ያመነጨው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በኒሆን ኮህደን ኩባንያ ሲሠራ፣ መጀመሪያ የፈለገው በጆሮ ላይ በሚያልፍ ብርሃንና በቀለም አማካይነት ልብ የሚረጨውን ደም መጠን ማወቅ ነበር፤ ነገር ግን የደም ሥር ምት ልኬቱን እየናጠ አስቸገረው። ይህን ንዝረት ለማጥፋት ሲደክም፣ የሚናጠው የደም ወሳጁ ሥር ደም ብቻ እንደ ሆነ አስተዋለና፣ ጠላት የመሰለውን ምት መለኪያ አደረገው፤ ሐሳቡንም እ.ኤ.አ. በ1974 ለጉባኤ አቀረበ። የዶክትሬት ማዕርጉን ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለው በ1993 ነው፤ መሣሪያው በዓለም ሁሉ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ከገባ ከብዙ ጊዜ በኋላ ማለት ነው። በአገራችንም ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ስለ ቢልሃርዚያ መከላከል ያካሄዱትን የረጅም ዘመን ምርምር እንዳስጀመረ የታወቀ ነው። ሁለቱም ሰዎች ሌሎች ያለፉትን ነገር ቆመው ተመለከቱ።

አራተኛ፤ አማካሪን ስለ መምረጥ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዐት ያደገ ደቀ መዝሙር ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይሄድ ነበር፤ የሚሄድበትን ቦታ የሚወስንለትም የመምህሩ ጉባኤ እንጂ የደብሩ ግርማ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲም የሚመረጠው እንዲሁ ነው። በአገር ውስጥ ያለውን ብናይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የዶክትሬት ትምህርት የተጀመረው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ዛሬ ግን በአምስት ኪሎ ያለው የቴክኖሎጂ ግቢ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስናና የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ትምህርት ይሰጣል፣ በባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ትምህርት ቀደም ካሉት አንዱ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማው እኅቱም ለኤሌክትሮኒክስ ሰው የሚታሰቡ ናቸው። ለሱሉልታ ሰው አምስት ኪሎ ይቀርበዋል፤ ለሰበታ ሰው ጅማ ምንም መንገዱ አንድ ቢሆን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ከቤት እየተመላለሱ የሚማሩበት አይደለም።

አማካሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ መሐንዲስ፣ ሁለተኛው ሐኪም። መሐንዲስ ብቻ ያማከረው ሥራ በጠረጴዛ ላይ ይሠራና በአልጋው አጠገብ ይቆማል፤ ሐኪም ብቻ ያማከረውም ስለ ሰርኪቱ የሚጠይቀው ፈታኝ ሲመጣ መልስ ያጣል። ለፕሮፌሰሩ ከመጻፍዎ በፊት ከጻፋቸው ሥራዎች ቢያንስ ሁለቱን አንብበው፣ ያሁን ተማሪዎቹን አግኝተው፣ በስንት ጊዜ እንደሚያገኛቸውና ጽሑፋቸውን አንብቦ በስንት ጊዜ እንደሚመልስ ይጠይቁ። ደብዳቤዎ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥያቄዎን፣ ሁለተኛው ከጥገና ክፍል ደብተርዎ ያገኙትን አንድ ማስረጃ፣ ሦስተኛው ከፕሮፌሰሩ ሥራ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ይናገር፤ ምስጋናና ማዕርግ ለመጨረሻው መሥመር ይቆይ።

ወደ ውጭ መሄድ የሚፈልግ ሰው ከጃፓን መንግሥት የሚሰጠውን በኤምባሲው በኩል፣ የጀርመኑን ዳአድ፣ የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕን ሊሞክር ይችላል፤ በአሜሪካ ደግሞ የዶክትሬት ተማሪ ብዙ ጊዜ በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እየተከፈለው ስለሚማር፣ ከስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ይልቅ የፕሮፌሰሩን የምርምር ገንዘብ መፈለግ ይገባል። እኔ ብጠየቅ ግን የምመርጠው ሳንድዊች የሚሉትን ነው፤ ጥያቄውና ሕመምተኛው እዚህ ይሆኑና፣ እዚህ የሌለውን ላቦራቶሪ ለመጠቀም ለጥቂት ወራት ወደ ውጭ ተሂዶ ይመለሳል። የአገር ውስጥ መግቢያውን በተመለከተ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስላለ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ንባብ ልምምድዎን ጥያቄዎን በሚያጠብቡበት ጊዜ ጎን ለጎን ያስኪዱ፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀውን አጭር የምርምር ሐሳብና ቃለ መጠይቅ ያልፋሉ።

አምስተኛ፤ ስለ ሥራ ጠረጴዛው

ትምህርቱን ወስደው፣ የብቃት ፈተናውን አልፈው፣ ፕሮፖዛሉን ካጸደቁ በኋላ ሥራው ከወረቀት ወደ ሰርኪት ይሸጋገራል። የኦክሲሜትሩን ምሳሌ ልቀጥል። ሁለት ብርሃኖች፣ ቀዩ በ660 ናኖሜትር፣ ከቀይ በታች ያለው ኢንፍራሬድ በ940 ናኖሜትር አካባቢ፣ በየተራ እየበሩ በጣት ውስጥ ያልፋሉ፤ በወዲያኛው በኩል ያለው ፎቶዳዮድ ከሚቀበለው ብርሃን በምት የሚለዋወጠው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነውና፣ የእርስዎ መላ ጥበብ ያን ጥቂቱን ከብዙው ለይቶ ማውጣት ነው። እንቅፋቶቹ ብዙ ናቸው፤ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ፣ መብራታችን በ50 ኸርዝ የሚመጣ ስለ ሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው ፍሎረሰንት፣ በሱሉልታ የንጋት ቁር ደም የራቀው ጣት። የልብ ኤሌክትሪክን የሚለካ ሰው ደግሞ ምልክቱ አንድ ሚሊቮልት ያህል ብቻ ሲሆን ከጎኑ የ220 ቮልት መሥመር ስለሚያልፍ፣ ማጣሪያን ብቻ ተማምኖ አይቀመጥም፤ ሽቦውን ያሳጥራል፣ ይጠቀልላል፣ በባትሪ ይሠራል። ከሰው አካል ጋር የሚገናኝ ሰርኪት ከመብራት መሥመር ፍጹም የተለየ መሆን አለበት፤ ስለ ሕክምና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ደኅንነት የወጣውን አይኢሲ 60601 የተባለውን ደረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ያንብቡት፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ሲያነቡት ሙሉውን ሰርኪት እንደገና ያስፈርስዎታልና።

መብራት ሳያስታውቅ ይጠፋል። ስለዚህ መሣሪያው የለካውን ሁሉ በየሰከንዱ በሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጽፍ ይሁን፤ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተሰብስቦ ማታ የሚቀመጥ መረጃ ሊጠፋ እንደ ቀረበ ይቆጠር። መለዋወጫ ከውጭ የሚያዝዝ ሰው በዩኒቨርሲቲው ግዥ ክፍል በኩል ብዙ ወራት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ዐውቆ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ቢያንስ በሁለት እጥፍ ይዘዝ፤ ተቃዋሚውን፣ ካፓሲተሩን፣ ማያያዣውን የመሰለው ተራ ነገር ግን ከመርካቶ ወይም ከተጣለ ቦርድ ላይ በመበየጃ ነቅሎ ማግኘት ይቻላል። የምርምሩ ልኬት የሚያርፍበትን ሴንሰር ግን ከተጣለ ዕቃ አያውጡት፤ ምንጩ ያልታወቀ ሴንሰር ካሊብሬሽኑን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ስድስተኛ፤ ስለ ፈቃድ

በእነዚህ ከተሞች ለሚሠራ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ነገር ይህ ነው። ሆስፒታሉ በአዲስ አበባ፣ ጤና ጣቢያው ግን በሸገር ከሆነ፣ ጥናቱ ሁለት አስተዳደር ረግጧል፤ አንዱ በአዲስ አበባ ጤና ቢሮ፣ ሌላው በኦሮሚያ ጤና ቢሮ ሥር ስለ ሆነ፣ ከዩኒቨርሲቲዎ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያገኙት ይሁንታ ብቻውን ሁለቱንም በር አይከፍትም። የድጋፍ ደብዳቤውን ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር አንድ የትምህርት መንፈቅ ያስበላል። የስምምነት ቅጹም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ፤ ሲተረጎም በአንድ ሰው፣ ሲመለስ በሌላ ሰው ይሁንና ሁለቱ ይነጻጸሩ፤ ማንበብ ለማይችል ሰውም በምስክር ፊት ይነበብለት።

መሣሪያው አዲስ ከሆነና በሕሙማን ላይ የሚሞከር ከሆነ፣ በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይመለከተዋልና፣ ገና በፕሮፖዛሉ ጊዜ ሄደው ይጠይቁ። የሕመምተኛ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የጣት ምት ሳይቀር የግል መረጃ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ፣ መረጃውን ወደ ውጭ አማካሪዎ ከመላክዎ በፊት ስሙን በቁጥር ለውጠው፣ ቁልፉን ለብቻው ቆልፈው ያኑሩ። ደም ወይም ሌላ ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስምምነትና ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚቻል ከሆነ ናሙናው እዚሁ ይመርመር።

ሰባተኛ፤ ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ማሳተም

ጠዋት ከሰበታ የሚነሣ ሰው አየር ጤና እስኪደርስ፣ የቡራዩውም አስኮን እስኪያልፍ ያለውን ትግል ለነዋሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሚቻለው ዘዴ የላቦራቶሪውን ሥራ በሳምንት በሁለት ወይም በሦስት ሙሉ ቀን ሰብስቦ፣ መረጃን የመተንተንና የመጻፍ ሥራን ቤት ውስጥ ማድረግ ነው፤ የሚነበበውን ጽሑፍ የዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርደው በስልክዎ ይያዙ እንጂ፣ በታክሲ ወረፋ ላይ ሆነው ኔትወርክ አይጠብቁ። ሥራ ላይ ያሉ ከሆኑ ከመሥሪያ ቤትዎ የሚሰጠው የትምህርት ፈቃድ ደመወዙን ይጨምር አይጨምር፣ ከትምህርት በኋላስ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለበት፣ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይወቁት። ከቤተሰብም ጋር ይነጋገሩ፤ ባልዎ ወይም ሚስትዎ የማያውቁት የዶክትሬት ዕቅድ ሁለት ዓመት አይሻገርም።

ማሳተምን በተመለከተ፣ በኢሜይል እያቆላመጠ "በሦስት ቀን ገምግመን እናወጣለን" የሚልዎን ጆርናል ይሽሹት፤ ገንዘብ ተቀብሎ ያለ እውነተኛ ግምገማ የሚያወጣ ጆርናል የወጣበትን ሥራ ከነባለቤቱ ያስንቃል። አማካሪዎ ራሱ የሚያነበውና የሚጠቅሰው ጆርናል ይምረጡ፤ ውድቅ ቢያደርጉብዎትም የገምጋሚዎቹን አስተያየት ይያዙ፣ በዲፌንስ ቀን የሚጠየቁት ከዚያው ውስጥ ይሆናልና። ያልሠራውን ሙከራ፣ የከሸፈውን ሰርኪትና ያልተገናኘውን ቁጥርም በዲሰርቴሽኑ ውስጥ በግልጽ ይጻፉት፤ ፈታኞች የተሸሸገ ጉድለት ሲያገኙ ነው እንጂ የተናዘዙት ጉድለት ሲያጋጥማቸው አይቆጡም።

ከዲፌንሱ በኋላ፣ የታረመው ዲሰርቴሽን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲሰጥ፣ ለጥገና ክፍሉም አንድ ቅጂ፣ ከቅጂውም ጋር የሰርኪቱን ሥዕል፣ የመለዋወጫዎቹን ዝርዝርና የካሊብሬሽኑን ሥርዐት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው ያስረክቡ። መሣሪያው በጤና ጣቢያው የሚቀር ከሆነ፣ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ማን እንደሚያየው፣ ባትሪውም ሲያልቅ ከየት እንደሚገዛ በርክክብ ደብዳቤው ላይ በስም ይጻፍና ይፈረምበት።